ሞንስቴራ ሐረግ ነው፦ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትንከባከቡት

ሞንስቴራ ያላቸው ሰዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ቅጠሉ ለምን አይቀደድም?» «ለምን ወደ ጎን እየተጋደመ ቦታ ያጣብባል?» «ለምን ቢጫ ሆነ?» ሦስቱም ወደ አንድ ነገር ይመልሱናል። ሞንስቴራን እንደ ቁጥቋጦ እናየዋለን፣ እሱ ግን ሐረግ ነው። ተፈጥሮው ዛፍ ላይ ተለጥፎ ወደ ብርሃን መውጣት ነው። ብርሃኑም፣ ውሃውም፣ አፈሩም፣ ድጋፉም ከዚህ ተነስቶ ሲታሰብ እንክብካቤው በጣም ይቀላል።

እዚህ የምጽፈው በዋናነት ስለ ሞንስቴራ ዴሊሲዮሳ ነው፣ ያ ትልልቅና የተሰነጣጠቀ ቅጠል ያለው። አዳንሶኒ የሚባለው፣ ቅጠሉ መሃል መሃሉን የተበሳሳው ትንሹ ዘመዱም አያያዙ ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ ቅጠሉ ስስ ስለሆነ ግን ደረቅ አየርን ብዙም አይችልም። «ሚኒ ሞንስቴራ» ተብሎ የሚሸጠው ራፊዶፎራ ቴትራስፐርማ የሚባል ሌላ ተክል ነው። እሱም ሐረግ ስለሆነ አብዛኛው ምክር ይሠራለታል።

ደን ውስጥ ምን ያደርጋል?

የሞንስቴራ ዴሊሲዮሳ አገሩ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ያለው እርጥብ ደን ነው። ዘሩ መሬት ላይ ይበቅልና ቡቃያው የሚወጣበት ዛፍ ፍለጋ መሬት ለመሬት ይሳባል። እዚህ ላይ በጣም የምወደው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የአንድ የሞንስቴራ ዝርያ ቡቃያ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ብርሃን ሳይሆን ወደ ጨለማ ነው። ምክንያቱም ደን ውስጥ ጨለም ያለው አቅጣጫ ብዙውን ጊዜ ትልቅ ግንድ ያለበት ነው። ግንዱን ሲያገኝ ነገሩ ይገለበጥና ወደ ላይ፣ ወደ ብርሃኑ መውጣት ይጀምራል።

እየወጣ ሲሄድ አገዳው ይወፍራል፣ ቅጠሉ ይሰፋል፣ ቀዳዳውና ስንጥቁም ይመጣል። የልጅነት ቅጠሉ ግን የልብ ቅርጽ ያለው፣ ሙሉና ምንም ያልተቀደደ ነው። ስለዚህ ትንሽ ሞንስቴራ ገዝታችሁ ቅጠሉ ስላልተሰነጠቀ ተታለልን አትበሉ። ገና ልጅ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቀዳዳው የሚፈጠረው ቅጠሉ ከመዘርጋቱ በፊት ነው። ቅጠሉ ገና በጣም ትንሽ ሳለ የተወሰኑ ሕዋሳት በራሳቸው ይሞታሉ፣ እነሱ በነበሩበት ቦታ ቀዳዳ ይቀራል። አንዴ ሙሉ ሆኖ የተዘረጋ ቅጠል በኋላ ቀዳዳ አያወጣም። አሮጌውን ቅጠል እያያችሁ አትጠብቁ፤ የሚቀጥለው ቅጠል የተሻለ እንዲሆን ሁኔታውን አመቻቹ። ሁኔታ ስል ደግሞ ሁለት ነገር ነው፦ በቂ ብርሃንና የሚወጣበት ነገር።

ብርሃን

«ሞንስቴራ ጥላ ይወዳል» ሲባል ትሰማላችሁ። እኔ አልስማማም። ጥላ ይችላል እንጂ አይወድም። ብርሃን በሌለበት ጥግ ለወራት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፣ ነገር ግን ማደጉን ያቆማል ወይም ቀጥኖ ይረዝማል። ከአንዱ ቅጠል እስከ ሌላው ያለው ርቀት ይሰፋል፣ አዲሱ ቅጠል ካለፈው ያንሳል፣ ስንጥቁም ይጠፋል። ይህን ካያችሁ ማዳበሪያ ፍለጋ አትሂዱ፣ ቦታውን ቀይሩለት።

የሚፈልገው ደማቅ ሆኖ ፀሐዩ በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ ነው። በተግባር ከመስኮት አንድ ሜትር አካባቢ ማለት ነው፣ ተክሉ ካለበት ቦታ ሆናችሁ ስታዩ ሰፋ ያለ ሰማይ መታየት አለበት። የጠዋት ፀሐይ ለአንድ ሁለት ሰዓት ቢነካው ችግር የለውም፣ እንዲያውም ይጠቅመዋል። የእኩለ ቀን ፀሐይ በመስታወት አልፎ ቀጥ ብሎ ሲያርፍበት ግን ያቃጥለዋል። መጀመሪያ ቅጠሉ ላይ የገረጣ ቦታ ይታያል፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፣ የደረቀው ክፍልም ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። መስኮታችሁ እንዲህ ከሆነ ስስ መጋረጃ ይበቃል።

ብርሃኑን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። እኩለ ቀን ላይ እጃችሁን ከቅጠሉ 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙና ጥላውን እዩ። ጠርዙ ደብዘዝ ያለ ጥላ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥርት ብሎ ከጠቆረ ፀሐዩ በዝቷል። ጥላ ጨርሶ ከሌለ ለእናንተ ብርሃን ቢመስልም ለተክሉ ጨለማ ነው፤ የሰው ዓይን ደብዛዛ ብርሃንን ቶሎ ስለሚለምድ በዚህ ጉዳይ አይታመንም። ቤቱ ጨለማ ከሆነ ለተክል የተሠራ የኤልኢዲ መብራት በቀን ለ12 ሰዓት ያህል ማብራት በደንብ ይሠራል። ከጨለማ ጥግ ወደ ደማቅ ቦታ ስታዛውሩት ደግሞ በአንድ ቀን አይሁን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አቅርቡት።

ውሃ

ቤት ውስጥ ሞንስቴራን ከሚገድሉ ነገሮች ዋናው የውሃ ብዛት ነው። ውሃ ሲያንሰው ይጠወልጋል፣ ያኮርፋል፣ ሲያገኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል። ሲበዛበት ጉዳቱ የሚጀምረው ከአፈር ስር ስለሆነ ቅጠሉ ላይ እስኪታይ ድረስ ብዙ ሥር አልቆ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሥርም ኦክስጅን ይፈልጋል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁልጊዜ በውሃ ከተሞላ አየር የሚገባበት የለም፣ ሥሩ ይታፈንና ይሞታል፣ የሞተውን ሥር ደግሞ አበስባሽ ተህዋስያን ይወርሩታል። የዚህ ተክል ሥር ዛፍ ላይ ግማሹ አየር እየነካው የኖረ ነው። ለዘወትር ጭቃ አልተሠራም።

«በሳምንት አንዴ አጠጡ» የሚለውን ምክር ለዚህ ነው የማልወደው። ውሃው በስንት ቀን እንደሚያልቅ የሚወስነው የቀን መቁጠሪያው ሳይሆን የብርሃኑ መጠን፣ ሙቀቱ፣ የፖቱ ትልቀትና አፈሩ ነው። ደማቅ ቦታ ያለ ሞንስቴራ በሳምንት ሊጠማ ይችላል፣ ያው ተክል ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ቦታ ቢሆን ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። የላይኛው ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ከደረቀ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ፖቱ ጥልቅ ከሆነ ያልተቀባ ቀጭን የእንጨት ዘንግ እስከ ታች ክተቱና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አውጥታችሁ እዩ፣ እርጥበቱ እስከ የት እንዳለ ይነግራችኋል። ከጊዜ በኋላ ፖቱን ትንሽ አንስታችሁ በክብደቱ ብቻ ማወቅ ትጀምራላችሁ። እኔ ከሁሉም የማምነው ይህንን ነው።

ስታጠጡ ግን በጭልፋ ጠብ ጠብ አታድርጉ። ውሃው በታች ባለው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ አፈሩን በሙሉ አርሱት፣ ከዚያ ከስሩ ያለው ሰሃን ላይ የተጠራቀመውን ድፉት። ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ላዩን ብቻ ያረጥብና ታችኛውን ሥር ያስጠማዋል።

አሁን ምልክቶቹን ለዩ። ከታች ያሉ ቅጠሎች ተከታትለው ቢጫ ከሆኑ፣ አፈሩም ለቀናት እርጥብ ሆኖ ከቆየ ወይም ከሸተተ፣ ውሃ በዝቷል። ቅጠሉ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ፣ ጠርዙ ከደረቀና ፖቱ ቀለል ካለ ጠምቶታል። አንድ ብቻ፣ ከሁሉም በታች ያለው አሮጌ ቅጠል ቀስ ብሎ ቢጫ ሆኖ ቢወድቅ ግን የእድሜ ጉዳይ ነው፣ አትጨነቁ። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉ ጫፍ ላይ የውሃ ጠብታ ብታዩም በሽታ አይደለም። ሌሊት ሥሩ የሳበውን ትርፍ ውሃ በቅጠሉ ጠርዝ እያስወጣ ነው።

ሥሩ መበስበሱን ከጠረጠራችሁ መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል። ተክሉን ከፖቱ አውጡት፣ አፈሩን አራግፉ። ጤነኛ ሥር ጠንካራና ነጣ ወይም ቡናማ ያለ ነው፤ የበሰበሰው ጥቁር፣ ልፍስፍስና የሚሸት ነው፣ ስትስቡት ልጣጩ ይወልቃል። የበሰበሰውን ሁሉ በአልኮል በተጠረገ መቀስ ቁረጡና በአዲስ አፈር፣ ለቀረው ሥር በሚመጥን ትንሽ ፖት ትከሉት።

አፈርና ፖት

ከባድና የሚጣበቅ አፈር አይሆነውም። ሁለት እጅ የተዘጋጀ የተክል አፈር ወይም ኮኮፒት (የተፈጨ የኮኮናት ቅርፊት ጭረት)፣ አንድ እጅ የዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ፣ አንድ እጅ ፐርላይት (ነጭ፣ ቀላልና አየር የሚያስገባ የድንጋይ ፍርፋሪ) ብትቀላቅሉ ጥሩ ነው። ፐርላይት ከሌለ ደቀቅ ያለ ቀይ አሽ ይተካዋል። ዋናው ነገር ውሃው ቶሎ አልፎ አየር የሚገባበት ክፍተት መተዉ ነው።

ፖቱ ከታች ቀዳዳ ሊኖረው ግድ ነው። ቀዳዳ የሌለው የሚያምር ፖት ካላችሁ ተክሉን ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ፖት ተክላችሁ ውስጡ አስቀምጡት። ከታች ጠጠር ማድረግ ውሃ ያስወግዳል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ሥሩም ያለው እዚያ ነው።

በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ሥሩ በቀዳዳው መውጣት ሲጀምር ፖት ቀይሩ። አዲሱ በስፋት ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ቢበልጥ ይበቃል። «ይደግበት» ብላችሁ በጣም ትልቅ ውስጥ አትክተቱት፣ ሥር ያልደረሰበት አፈር ለብዙ ቀን ሳይደርቅ ይቆያል። ፖት ስትቀይሩ ደግሞ አንድ ነገር እዩ፦ ከሻጭ የሚመጣ ሞንስቴራ ሞላ ብሎ እንዲታይ ብዙ ጊዜ ሦስትና አራት ተክል አንድ ላይ የታጨቀበት ነው። ወደ ጎን የሚጋፋው አንዱ ሌላውን እየገፋ ሊሆን ይችላል። ቀስ ብላችሁ ብትለያዩአቸው እያንዳንዱ የራሱን ምሰሶ ይዞ በደንብ ያድጋል።

ድጋፍ፣ ማለትም ዛፉን መተካት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ እኔ ግን ከውሃ ቀጥሎ አስቀምጠዋለሁ። ድጋፍ የሌለው ሞንስቴራ መሬት ላይ እንደሚሳበው ቡቃያ ነው፣ ወደ ጎን ይሄዳል። ምሰሶ ስታገኙለትና ከአገዳው የሚወጡት የአየር ሥሮች የሚይዙት ነገር ሲያገኙ ቀጣዮቹ ቅጠሎች እየሰፉና እየተሰነጠቁ ይመጣሉ።

ምሰሶው በሞስ (ውሃ በሚይዝ የደረቀ ሽበት) የተሞላ ወይም በኮኮናት ጭረት የተጠቀለለ ሊሆን ይችላል። ያልተቀባ ሻካራ ጣውላም ይሆናል፣ ለከባድ ተክል እንዲያውም የበለጠ ይጸናል። የሞሱ ጥቅም እርጥብ አድርጋችሁ ከያዛችሁት የአየር ሥሮቹ ውስጡ ገብተው ውሃ መሳባቸው ነው። ደርቆ ከቆመ ግን ከተራ እንጨት አይሻልም። ለማርጠብ ጊዜ የሌለው ሰው ጣውላ ቢመርጥ እመክራለሁ።

አሁን የተክሉን ጀርባና ፊት ለዩ። አገዳውን በደንብ ካያችሁት ቅጠሎቹ በአንድ በኩል፣ የአየር ሥሮቹ በሌላው በኩል ናቸው። ሥር የሚወጣበት ጎን ጀርባው ነው፣ ምሰሶው መቆም ያለበት በዚያ በኩል ነው። ፊቱን ወደ መስኮት፣ ጀርባውን ከነምሰሶው ወደ ክፍሉ ውስጥ አድርጉት። ምሰሶ የያዘ ተክልን በየሳምንቱ አታዙሩት፣ ባዞራችሁት ቁጥር ቅጠሎቹ ብርሃን ፍለጋ ይጠማዘዛሉ፣ ከምሰሶውም ይላቀቃል።

ስታስሩት ዋናውን አገዳ እንጂ ቅጠሉን የተሸከመውን ረጅም ዘንግ አትሰሩ። ያ ዘንግ ወደ ብርሃን እየተንቀሳቀሰ ቅጠሉን ማዞር አለበት፤ ከታሰረ ቅጠሉ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። ማሰሪያው ለስላሳ ጨርቅ ይሁን፣ አገዳው ሲወፍር እንዳያንቀው ላላ አድርጉት። ምሰሶውን ለመትከል ጥሩው ጊዜ ፖት ስትቀይሩ ነው፣ ያኔ ሥር ሳትወጉ ታች ድረስ ታስገቡታላችሁ።

ምሰሶው ያልደረሰበት የአየር ሥር ከረዘመ ወደ አፈሩ ምሩት። በጣም ካስቸገረ አንድ ሁለቱን መቁረጥ ተክሉን አይገድለውም፣ ሁሉንም መመልመል ግን አልደግፍም።

ቀሪው ቀላል ነው

ሙቀት ከ18 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ከ10 በታች ይጎዳዋል፣ ከቀዝቃዛ ንፋስም አርቁት። የአየር እርጥበት ከ50 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ደስ ይለዋል፣ 40 አካባቢም ይኖራል። ቅጠሉ ላይ ውሃ መርጨት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ለእርጥበት ብላችሁ አትድከሙ። ይልቅ በየሁለት ሳምንቱ ቅጠሉን ከላይም ከታችም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ አቧራ ብርሃን ይጋርዳል፣ ስትጠርጉም ተባይ ካለ ቶሎ ታያላችሁ። ዘይትና ማብረቂያ አትቀቡት።

ማዳበሪያ እያደገ ባለበት ጊዜ በወር አንዴ፣ ዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹን። ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም በእኩል የያዘ ፈሳሽ ማዳበሪያ ይበቃል። ደረቅ አፈር ላይ አታፍስሱ፣ ሥር ያቃጥላል። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ጨው ተጠራቅሟል፣ በብዙ ንጹህ ውሃ እጠቡት።

አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲወጣ በእጃችሁ ለመክፈት አትሞክሩ። ይቀደዳል፣ ጠባሳውም ቅጠሉ እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል።

ልጆች፣ ድመት ወይም ውሻ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ቅጠሉም አገዳውም መርፌ የሚመስሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉበት። ከታኘከ አፍና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ያሳብጣል፣ ምራቅ ያዝረበርባል፣ ሊያስመልስም ይችላል። እንዳይደርሱበት አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ስትቆርጡትም ጓንት አድርጉ።

ተባይ

ከሁሉም የሚያስቸግረው ትሪፕስ የሚባለው፣ የቅጠሉን ፈሳሽ የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት ነው። ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረትና ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካያችሁ ጀርባውን ገልብጣችሁ ፈልጉ፣ ቀጫጭን ገርጣ ያሉ እጮች ታገኛላችሁ። ቅጠሉን በሙሉ በውሃ እጠቡ፣ ከዚያ ለተክል የተዘጋጀ ሳሙና ወይም የኒም ዘይት ርጩ። ትሪፕስ እንቁላሉን የሚጥለው ቅጠሉ ውስጥ ስለሆነ አንድ ጊዜ ረጭቶ መተው አይበቃም። ከ5 እስከ 7 ባለው ቀን ለተከታታይ ሳምንታት ድገሙት። ቀይ ሸረሪት ደረቅ አየር ላይ ይበረታል፣ ስስ ድርና ጥቃቅን የገረጡ ነጥቦች ይታያሉ፤ እሱም በመታጠብ ብዙ ይቀንሳል። ሚሊባግ ነጭ ጥጥ የሚመስል ነገር ነው፣ አልኮል በነካ ጥጥ እያነሳችሁ ጥረጉት። አዲስ ተክል ወደ ቤት ስታስገቡ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ከሌሎቹ ለይታችሁ አቆዩት፣ ከዚህ ሁሉ ድካም ይገላግላችኋል።

ጣሪያ ሲደርስ

ምሰሶውን ጨርሶ ጣሪያ የነካ ሞንስቴራ መቆረጥ አለበት። አትፍሩ፣ ሐረግ ስለሆነ ይችለዋል። ወሳኙ ነገር አንጓ ነው፣ ማለትም አገዳው ላይ ቅጠልና የአየር ሥር የሚወጣበት ያ ቀለበት መሳይ ቦታ። አንጓ የሌለው ቅጠል ውሃ ውስጥ ቢቆም ሥር ሊያወጣ ይችላል፣ አዲስ ተክል ግን መቼም አይሆንም፣ ምክንያቱም ቡቃያ የሚነሳው ከአንጓው ነው።

መቁረጫውን በአልኮል ጠርጉና ከአንጓው አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ። በቁራጩ ላይ ቢያንስ አንድ ቅጠልና አንድ አንጓ ይኑር፣ የአየር ሥር ካለበት ደግሞ ሥራው ግማሽ አለቀ። የተቆረጠው ጫፍ ለጥቂት ሰዓት ይድረቅ፣ ከዚያ አንጓው ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ ከውሃ ውጭ ሆኖ ብርሃን ያለበት ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ውሃውን በየሳምንቱ ቀይሩ። አዳዲሶቹ ሥሮች ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ሲደርሱ ወደ አፈር አዛውሩት፣ መጀመሪያ ሰሞን አፈሩን ከወትሮው ትንሽ እርጥብ አድርጋችሁ ያዙት፣ ውሃ ውስጥ የበቀለ ሥር ለድርቀት ገና አልለመደም።

የቀረውን አገዳ ባዶ ሆነ ብላችሁ አትጣሉት። በቂ ብርሃን ካለው ከተቆረጠበት በታች ካለው አንጓ ሌላ ቡቃያ ያወጣል፣ እስኪወጣ ድረስ ግን ቅጠሉ ስለቀነሰ ውሃ የሚጠቀመው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ አፈሩ ሳይደርቅ አታጠጡት። ሥር ያወጣውን ቁራጭ እዚያው ፖት ውስጥ ከምሰሶው ስር ብትተክሉት ተራቁቶ የነበረው የታችኛው ክፍል ይሞላል፤ ቦታ ካላችሁ ደግሞ የራሱን ምሰሶ ስጡትና ለብቻው ትከሉት።